የክሪያ ምልክት

አላንግ ክሪያ የሚስቴ ወንድም ነው። ዕድሜያችንን የጨረስነው አንድ የመለኪያ ሜትር ይዘን፣ እሱ ከላይ እኔ ከታች፣ ተራራ ለተራራ ስንንከራተት ነው። ስለዚህ በመንደራችን ስለ እሱ የሚወራውን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ዛሬ አንድ ሰው ቃሉን ካጠፈ «የክሪያ ምልክት» ይሉታል። ሕፃናቱ ሳይቀሩ ይሉታል። እኔም በሰማሁ ቁጥር ዱላ አነሣለሁ። ሚስቴ «አንተ ሽማግሌ፣ ደግሞ ከሕፃን ጋር ልትደባደብ ነው?» ትለኛለች። አዎ፣ እደባደባለሁ። ሰውየውን የማውቀው እኔ ነኝ።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከአማቴ ዛፍ ነው። በእኛ በተራራ ሰዎቹ በኮቱዎች ሸለቆ ወንድ ልጅ ጸጉሩ ሸበት ሲል ወደ ጫካ ይወጣና የሬሳ ሣጥኑ የሚጠረብለትን ዛፍ ይመርጣል። በመጥረቢያ አንዴ ልጡን ሸንተር ያደርገዋል፤ አለቀ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ዛፉ የእሱ ነው። ቤት የሚሠራ ሰው ምሰሶ ቢቸግረው እንኳ ያንን ዛፍ ቀና ብሎ አያየውም። አማቴ አላንግ ቡት የመረጡት ከመንደራችን በላይ ባለው ተዳፋት ላይ የቆመውን፣ ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፈውን ግንድ ነበር። ሣጥኑ ክዳኑም ገላውም ከዚያ ከአንዱ ግንድ ተፈልፍሎ እንዲወጣላቸው ነው የሚፈልጉት። «ከሳንቃ ተገጣጥሜ ብሄድ አባቶቼ ‹ይሄ ደግሞ የማን እንግዳ ነው?› ብለው ደጅ ያሳድሩኛል» ይሉ ነበር። እየሳቁ ነው የሚሉት፤ ቀልዳቸውን ግን አልነበረም።

ክሪያ በልጅነቱ ቆላ ወርዶ አዳሪ ትምህርት ቤት ስላደገ የቆላዎቹን ቋንቋ እንደ ውኃ ይጠጣዋል። ተመልሶ ሲመጣ ግን ያው እንደ እኛው ካሳቫ መቆፈር ነው የጠበቀው። የደን ቆጣሪዎች መጥተው ሩዝና ድንኳን የሚሸከም ሰው ሲፈልጉ ሁለታችንም ተቀጠርን። ያን ጊዜ ቆጠራውን የሚመሩት ከባሕር ማዶ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። አልቅት ሲይዛቸው እንደ ሕፃን ይጮኻሉ፤ ሥራቸውን ግን ያውቃሉ። ትንሽ ቆይተው «እኛ እዚህ አንከርምም፤ ይህ አገር ደኑን በራሱ ሰው ይቁጠር» ብለው ሥልጠና ከፈቱ። ክሪያ ተሸካሚ ሆኖ ገባ፣ ቆጣሪ ሆኖ ወጣ። ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ የቡድን መሪ ሆነ፤ ከእኛ ወገን የመጀመሪያው። እኔ የሜትሩን ሌላ ጫፍ ያዥና ጸሐፊ፣ ሲያስፈልግም ወጥ ሠሪ ሆኜ ቀረሁ። ቅር አላለኝም። እሱ መሪ ሆኖም ጫማው የሚሸት፣ ሩዝ ሲበላ አፉ የሚጮኽ ያው ክሪያ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። አገር ሙሉ ዛፍ መቁጠር አይቻልም። ስለዚህ ዋና ከተማው ሀኖይ ያሉት ሰዎች ካርታ ላይ መስመር ያሰምሩና መስመሮቹ የሚገናኙበት ቦታ ሁሉ ናሙና ይሆናል። ገደል ይሁን ረግረግ አይጠይቁም። እኛ እዚያ ሄደን እያንዳንዱ ወፈር ያለ ዛፍ ላይ ቁጥር ያለበት ትንሽ ቆርቆሮ በሚስማር እንመታለን፣ ውፍረቱን በደረት ልክ እንለካለን፣ ከዓመታት በኋላ ተመልሰን ያንኑ እንለካለን። ክሪያ አዲስ ሠራተኛ ሲያስተምር እንዲህ ይል ነበር፦ «ሾርባ ለመቅመስ ድስቱን ሙሉ አትጠጣም፤ አንድ ማንኪያ ይበቃል። ግን ማንኪያዋ ከዚያው ድስት መቀዳት አለባት። ናሙናው እንደ ጎረቤቱ ይኑር። ጎረቤቱን የሚቆርጡ ከሆነ እሱንም ይቁረጡት። አትጠብቁት፣ አታስጠብቁት። ያያችሁትን ጻፉ።» ይህን ሲል ፊቱ ይበራል። እኔ በበኩሌ የሰው ልጅ ስለ ማንኪያ እንዲህ ደስ ሲለው ሌላ አይቼ አላውቅም።

ከመስመሮቹ መገናኛ አንዱ አረፈ ሲሉን የት አረፈ? ከመንደራችን በላይ፣ የአማቴ ዛፍ ላይ።

ክሪያ ሌሎቹ ዛፎች ላይ ቆርቆሮውን መታ፣ የአባቱ ዛፍ ዘንድም ሲደርስ መታ። የአባቱ ሽንትር በአንድ በኩል፣ የእሱ ቆርቆሮ በሌላ በኩል። ማለፍ አይቻልም፤ ናሙናው ውስጥ ያለ ዛፍ ሁሉ ይቆጠራል። አባትየው ከታች ሆነው እያዩት ነበር።

«ይሄ ቆርቆሮ ምንድን ነው?» አሉት።

«የመንግሥት ምልክት ነው አባዬ።»

«የኔንስ ምን አደረግኸው?»

«የእርስዎ እንዳለ ነው። ይሄ ለቆጠራ ነው።»

«እሺ» አሉ። በዚሁ አለቀ። እኛም ዕቃችንን ተሸክመን ወደ ሌላው ሸለቆ ሄድን።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የወረቀት ፋብሪካዎቹ መጡ። አካሽያ የሚባለውን ቶሎ የሚደርስ ዛፍ ተክላችሁ ሽጡልን አሉ። ሰው ሁሉ ተዳፋቱን እየመነጠረ ተከለ። እኔም ተክያለሁ፤ የቤቴ ቆርቆሮ ክዳን ከዚያ ነው የመጣው። ድሮ የጦጣ ጩኸት ይሰማበት የነበረው ተራራ ሁሉ እንደ ተላጨ ራስ ሆነ። ናሙና ቦታዎቻችን ግን አሉ። ተመልሰን በሄድን ቁጥር፣ በዚህም መንደር በዚያም መንደር፣ ዙሪያው ተመንጥሮ መሐሉ ላይ የእኛ ዛፎች ቆመው እናገኛለን። ከስንቱ መንደር አንድም አልጎደለ። ክሪያ ደስ አለው። «ሰው ሥራችንን አከበረ» አለ። ቢሮው የምስክር ወረቀት ሰጠው፤ ላኦስ ድረስ ወስደውት የዚያን አገር ቆጣሪዎች አስተማረ። የምስክር ወረቀቱን መስተዋት ውስጥ አስገብቶ ሰቀለው። እኔ ስንቅ ሳስብ እሱ መስተዋቱን ይወለውላል።

አንድ ቀን ከተማ ጠሩት፤ እኔም ተከትዬው ሄድኩ። የጠራችን ቱየት የምትባል ወጣት ሴት ናት፤ ከሰማይ የሚነሣውን የደን ሥዕል የምታነበው እሷ ናት። እነዚያ የባሕር ማዶ ሰዎች ከሄዱ ቆይተዋል፤ አሁን ሥራው ሁሉ በእሷና በመሰሎቿ እጅ ነው። ትሑት ልጅ ናት። ሻይ በእጇ ቀድታ ሰጠችን፤ ከዚያ ሥዕሉ የሚታይበትን ማሽኗን ወደ ክሪያ አዞረች።

«አለቃ ክሪያ፣ ይህ የእናንተ ሸለቆ ነው። ከሰማይ ሲታይ ግማሹ ደን አልቋል። በእርስዎ ናሙና ግን አንድ ዛፍ አልወደቀም። በየትኛውም መንደር። ሳተላይቱ ነው የሚዋሸው ወይስ…»

«እኔ ዋሽቼ አላውቅም፣ ወይዘሪት ቱየት።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው በስልክ ያልነገርኩዎት።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የአውራጃው ቁጥር የሚወጣው ከእርስዎ ናሙና ነው። ቁጥሩ ደኑ ሙሉ ነው ይላል። እኛ መንጣሪዎቹን አስቁሙ ስንል፣ አለቆች ያንኑ ቁጥር አንሥተው ‹ደኑ ሙሉ ነው እኮ› ይሉናል። ሰዉ ለምን እንደማይቆርጣቸው ይጠይቁልኝ። እንደ ማንኛውም ዛፍ መሆናቸውንም ይንገሩት። ለሁሉም መንደር።»

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ክሪያ ሁለት ጊዜ «ማንኪያዋ…» ሲል ሰማሁት፤ ሦስተኛውን ዋጠው።

እንደ ደረስን ሽማግሎቹን በጉወል፣ በመንደሩ አዳራሽ ሰበሰባቸው። ታቫት ተቀዳ፤ ከዛፍ የሚወርደው መጠጥ ካልተቀዳ በእኛ ዘንድ ወሬ አይጀመርም። ክሪያ ጠየቀ፦ «አባቶች፣ እነዚያን ቆርቆሮ ያለባቸውን ዛፎች ለምንድን ነው የማትቆርጧቸው?»

ተያዩ። አማቴ ሳቁ። «ምን ማለትህ ነው? ተመርጠዋላ! መንግሥት ሣጥኑን መርጦ፣ አንተው ራስህ ምልክት አድርገህበት፣ ማን ይነካዋል?»

«የምን ሣጥን?»

«የሚኒስትሮቹ ነዋ» አለ አንዱ ሽማግሌ። «መጀመሪያ እኛም ገርሞን ነበር። ሀኖይ ይህን ያህል ሰው ሊሞትባት ነው ወይ አልን።»

«ደግሞ ወፍራም ወፍራሙን ነው የመረጣችሁት» አለ ሌላው። «ባለሥልጣን ሆዱ ሰፊ ነው፤ በቀጭን ግንድ አይገባም።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። አማቴ ደረታቸውን ነፋ አድርገው «እኔ ከሚኒስትር ጎን ነው የተጠረብኩት» አሉ። እኔም ሳቄ መጥቶ ነበር። የክሪያን ፊት ሳይ ግን ቀረ። አመድ መስሏል። ለካ ስንት ዘመን ያከበሩት ሥራውን አልነበረም፤ የሙታንን ምልክት ነው ያከበሩት። እሱም የኮቱ ልጅ ሆኖ ይህን አላሰበም። አዳሪ ትምህርት ቤት ማንኪያውን አስተምሮት መጥረቢያውን አስረስቶታል።

ዝም ማለት ይችል ነበር። እኔ ብሆን ዝም እል ነበር። እሱ ግን ያየኸውን ጻፍ ሲል የኖረ ሰው ነው፤ ተነሣና ነገራቸው። «ማንም አልመረጣቸውም። ለሣጥን አይደለም። ቆርቆሮው ቁጥር ብቻ ነው። እነዚያ ዛፎች እንደ ማንኛውም ዛፍ ናቸው፤ ምልክቱ ማንንም አያስርም።»

ሳቁ ቆመ።

«ምልክቱ አያስርም?» አሉ አባቱ።

«የመንግሥቱ ማለቴ ነው አባዬ። የእርስዎ ያው ነው።»

በር ላይ ቆሞ ይሰማ የነበረው የእኔው ጉድ፣ ትልቁ ልጄ ፔንግ ጣልቃ ገባ። የመጋዝ ሞተር ገዝቶ ለአካሽያ የሚመነጥር ጎረምሳ ነው። «አጎቴ፣ እንዴት ነው ነገሩ? ዛፍ ላይ የተደረገ ምልክት አንዱ ያስራል፣ አንዱ አያስርም ነው የምትለን? ታዲያ የቱ የየቱ እንደሆነ ማን ይነግረናል?»

«ዝም በል አንተ!» አልኩት። ዝም አለ። ጥያቄው ግን ዝም አላለም፤ የሁሉም ዓይን ላይ ነበር። አማቴ ዋንጫቸውን ሳይጨርሱ አስቀምጠው ወጡ። በር ላይ ቆም ብለው «እስከ ዛሬ በዚህ መንደር ምልክት የሻረ ሰው የለም» ብቻ አሉ።

ከዚያ ሌላ አውራጃ ሥራ ይዞን ዝናቡ እስኪያልፍ ቆየን። ስንመለስ የመንደራችን ናሙና የሚለካበት ጊዜ ደርሶ ነበር። ተዳፋቱ ላይ ስንወጣ ጠረኑ ነው የነገረን፤ እርጥብ የመጋዝ ብናኝ። አንድ ዛፍ የለም። ጉቶ ብቻ፣ በጉቶዎቹ መካከል ደግሞ የጣት ቁመት ያላት የአካሽያ ችግኝ። ጎረምሶቹ ተሰብስበው በጥቂት ቀን ጨርሰውታል። የአማቴም ዛፍ የለም።

ፔንግን አንገቱን ይዤ ጎተትኩት። «የአያትህን ሣጥን!»

«አላየሁትም አባባ! ልጡ አድጎ ሽንትሩን ውጦታል። ቆርቆሮውን ነው ያየሁት። ቆርቆሮው ደግሞ አያስርም ብሏል አጎቴ።» አለቀሰ። የሠላሳ ዓመት ጎረምሳ እንደዚያ ሲያለቅስ መምታት አልቻልኩም። ግንዱ ተሸጦ ሄዷል። የት እንደ ገባ የሚያውቅ የለም።

አማቴ ጉቷቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሥራው ግን መሠራት አለበት። ክሪያ ከላይ ጥግ ጀመረ። ቁጥሩን ይጠራል፣ «ተቆርጧል» ይላል፣ የጉቶውን ውፍረት ይለካል፣ እኔ እጽፋለሁ። ተቆርጧል። ተቆርጧል። አባቱ የተቀመጡበት ዘንድ ደረስን። ክሪያ ሜትሩን ይዞ ቆመ።

«አባዬ» አለ፤ «ይነሡልኝ። ልለካው።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ። «ለካ» አሉ። «ሥራህ ነው።»

ለካው። ጻፍኩት። ቱየት ቁጥሩን ስታገኝ በስልክ አመሰገነችው፤ አሁን እውነቱን ያዝን አለችው። እሱም «አዎ» አላት። ያን ዕለት ምሳ አልበላም።

ከዚያ በኋላ አማቴ ታመሙ። ሳላቸው ቤቱን ያንቀጠቅጠው ነበር። አንድ ጧት ክሪያን ጠርተው «አንተ ዛፍ ሁሉ በቁጥር የምታውቅ ነህ። ለእኔ የሚሆን የት ቀረ?» አሉት። እኔና እሱ ሸለቆውን ሙሉ ፈለግን። በወንዙ ዳር፣ በገደሉ ሥር፣ የድሮ መቃብሩ አጠገብ። ሰው የሚያስተኛ ግንድ አጣን። ያለው ሁሉ ወይ አካሽያ ነው፣ ወይ ጭኔን የማያክል።

ክሪያ ደክሞት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የት እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን። ከጋራው ማዶ፣ ኦሩም በምትባለው መንደር ካለው ናሙናችን ውስጥ፣ ከአባቱ ዛፍ ጋር አንድ ዓይነት፣ ቀጥ ያለ ግንድ አለ። ለዚያች መንደር ሰዎች ገና አልነገርናቸውም። ዛፎቹ አሁንም የሚኒስትር ሣጥኖች ናቸው።

«እንጠይቃቸው» አልኩት። «ስለ አባትህ ብለው ይሰጡናል።»

«ምን ብዬ ልጠይቃቸው? የመንግሥትን ዛፍ ለአባቴ ስጡኝ ልበል?»

«ምልክቱ አያስርም በላቸዋ። የታዘዝከውም ይህንኑ ነው!»

«ካልኳቸውስ በኋላ? እዚያም መጋዝ ያለው ልጅ አለ አማቼ። አንዷን ለእኔ ይቆርጣሉ፤ በማግስቱ ሌላውን ሁሉ።»

«አባትህ ይበልጣል ወይስ ዛፍ?» ብዬ ጮኽኩበት።

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነው። ወደ ቤትም የተመለስነው ባዶ እጃችንን ነው።

አማቴ ሲያዩን ገባቸው። «ሳንቃ ነው እንግዲህ?» አሉ።

«ሳንቃ ነው አባዬ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ በኋላ ከእኔም ከሚስቴም ጋር ይነጋገሩ ነበር፤ ከልጃቸው ጋር ግን እስኪሞቱ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። የቀበርናቸው ከቆላ አናጢ በተገዛ፣ ምስማሩ በሚያብለጨልጭ የአካሽያ ሳንቃ ሣጥን ነው። ሽማግሎቹ ሣጥኑን ተሸከሙ፤ ክሪያ ሊሸከም ትከሻውን ሲያስገባ ግን አንዱ በእጁ ገፋ አደረገው። ከኋላ ተከትሎ ሄደ። እኔም ከእሱ ጋር ከኋላ ሄድኩ፤ እንደዚያ ቀን የራሴን ሰዎች ጠልቼ አላውቅም።

ሐዘኑ ሳይወጣ ቱየት ደወለች። የቀሩት መንደሮች ይነገራቸው አለች። ልጅቷ አልተሳሳተችም፤ ቁጥሩ እውነት ካልሆነ የምትከራከርበት ነገር የላትም። ዕቃችንን ተሸክመን ጋራውን ተሻገርን።

የኦሩም ሽማግሌ፣ ሜን የሚባሉት፣ በደጃቸው ተቀበሉን። ታቫት አስቀዱ። ከመርዶው በቀር ወሬው ጋራውን አልተሻገረም ነበር፤ ስለ ዛፎቹ ምንም አያውቁም።

«አባትህ አረፉ አሉ» አሉት ክሪያን። «ዛፋቸውን አገኙ?»

ክሪያ ዋንጫውን አስቀመጠ። «አገኙ» አለ።

እኔ አንገቴን ደፋሁ።

«እሰይ። መልካም ሰው ነበሩ።» ሽማግሌው ዋንጫውን እንደገና ሞሉለትና «ጥሩ ጊዜ መጣህ» አሉ። «የፋብሪካው ደላላ እነዚያን ዛፎች ሽጡልኝ እያለ ልጆቹን እያባበላቸው ነው። እኔ የተመረጡ ናቸው አልኩ። ልጆቹ ደግሞ ‹ይህን ሁሉ ዓመት መጥቶ የወሰዳቸው የለም› ይላሉ። እስኪ አንተ ንገረን፤ መንግሥት አሁንም ይፈልጋቸዋል?»

ክሪያ ያስተማረውን ሁሉ፣ ያለፈበትን ሁሉ አውቃለሁ። ያችን ማንኪያ አውቃለሁ።

«ይፈልጋቸዋል» አለ። «የተመረጡ ናቸው። አንዱንም እንዳትነኩ።»

«ብዙ ሰው ነው ሊሞት ያሰበው» አሉ ሽማግሌው፤ ሳቁ።

ክሪያም ሳቀ። ከዚያ ወጥቶ ለቱየት ደወለ፤ «ነግሬያቸዋለሁ» አላት። በሕይወቱ ለዚያ ቢሮ የተናገረው የመጀመሪያ ውሸት ነው። በሚቀጥሉት መንደሮችም ያንኑ አለ፣ ያንኑ ደወለ። ዛሬም የአውራጃችን ቁጥር ከእውነቱ በላይ ነው፤ መኪኖቹም ግንድ እየጫኑ ይወርዳሉ፤ ማንም አያስቆማቸውም። እነዚያ ጥቂት ዛፎች ግን አሉ።

ከሽማግሌው ዘንድ ተነሥተን ወደ ናሙናው ወጣን። ያ ቀጥ ያለው ግንድ ለአባቱ ሣጥን ከሚበቃው በላይ ወፍሯል፤ ቆርቆሮውን ልጡ ሊውጠው ደርሷል። ክሪያ አሮጌውን ነቅሎ አዲስ መታበት። ሜትሩን በደረቱ ልክ አዞረው፤ እኔ ጫፉን ያዝኩለት። ሁለት ጊዜ ለካው። ከዚያ ወደ ሌላው አለፈ፣ ከዚያም ወደ ሌላው፤ ሁሉንም እስኪጨርስ ዞር ብሎ አላየኝም።

«ስንት ጎደለ ልበል?» አልኩት በመጨረሻ።

«ያየኸውን ጻፍ» አለኝ። «ሁሉም ቆመዋል።»